«ውድ ነው» ያለህ ማን ነው? ከባሶ ገበያ እስከ ፍኖተ ሰላም ሱቆቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው የበርበሬ ወቅት ከዐስር ሶላት ስንወጣ አንድ አባት በመስጂዱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው። በርበሬያቸውን ሸጠው ለልጃቸው ጃኬት ገዝተዋል፤ 1,900 ብር ከፍለዋል። ያንኑ ጃኬት ከዚያው ሱቅ የከተማ ዘመዳቸው በ1,200 ብር እንደወሰደ የሰሙት ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። «ልጄ፣ እናንተ ሰዎች በንግድ አታታልሉም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ አልተከራከርኩም» አሉን።

ወደ ባለ ሱቁ ሄድን። ወጣት ነው፤ ሶላት አያሳልፍም። ነገሩን ስንጠይቀው ሳይደነግጥ መለሰልን፦ «ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ከፈሉ። ነጋዴ እኮ ሰው እያየ ነው የሚጠራው።»

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህች አንዲት አባባል ነው። «ሰው እያዩ መጥራት» ብልሃት ነው ወይስ በደል? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ አያቶቻችን ገበያ እንመለስ።

🔸 የሲራራ ነጋዴዎች አገር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ ገበያ ባሶ ነበር። ቦታው በደቡብ ጎጃም፣ በየጁቤ አካባቢ፣ ወደ ዐባይ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከሰሜን ከምጽዋ ተነስተው በዐድዋና በጎንደር የሚመጡ ነጋዴዎች፣ ከዐባይ ማዶ ከእናርያ፣ ከጅማና ከከፋ አቅጣጫ ከሚመጣው ዕቃ ጋር እዚህ ይገናኙ ነበር። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የእኛዋ ቡሬም ከዳር የቆመች አልነበረችም፤ ከቡሬ ቁልቁል ወርዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ ወለጋ የሚገባው መንገድ የነጋዴ መንገድ ነበር።

በዚህ ንግድ ትልቁን ድርሻ የያዙት ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በክርስቲያኑ መንግሥት ውስጥ ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ኑሮው ንግድና ሽመና ሆነ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 (እ.ኤ.አ.)፣ በጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር፤ የጎንደሩ አዲስ ዓለም የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ሆኖ የታወቀው በዚህ ታሪክ ነው።

እስቲ አስቡት። ገበሬ አንድ ዓመት ቢከስር መሬቱ አለችው። መሬት የሌለው ነጋዴ ግን ያለው ሀብት የጫነው ዕቃና ስሙ ነው። ዕቃው በሽፍታ ሊዘረፍ ይችላል፤ ስሙን ግን ራሱ ካልጣለው በስተቀር ማንም አይወስድበትም። በዚያ ላይ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ኬላ፣ ወደዚያው ሰው ተመልሶ ይሄዳል። ዘንድሮ ያታለለውን ሰው ከርሞ ፊት ለፊት ያገኘዋል።

🔸 «ለምን ተወደደ?»

ያን ጊዜም ገዢ «ውድ ነው» ይል ነበር፤ ነጋዴውም የሚመልሰው እውነተኛ መልስ ነበረው። አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር ተቆርጦ ሲወጣ ርካሽ ነው። ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ምክንያቱም በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፣ የጭነት ከብት ይሞታል፣ በክረምት ዐባይ ሞልቶ ቅፍለቱ ለወራት ይታገዳል። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ እንደ ሙሉው አይቆጠርም። ስለዚህ የዋጋ ክርክር ማለት የመንገድ፣ የጥራትና የጊዜ ክርክር ነበር።

ገዢው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። እንዲህ ያለ ገበያ ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰው ይቆማል። አራቱም ዛሬ በሱቆቻችን በር ይገባሉ።

1️⃣ ዋጋ አዋቂው። ከጎንደር የመጣ ነጋዴ አሞሌ በየት ገበያ ስንት እንደሚመነዘር ያውቃል። ለእሱ ወሬ ማብዛት እሱን መናቅ ነው። የዛሬው አዋቂ አምስት ሱቅ ዞሮ፣ በስልኩ የአዲስ አበባን ዋጋ ጠይቆ ይመጣል። መልሱ አጭር ይሁን፦ የገባበት ይህ ነው፣ ማጓጓዣው ይህ ነው፣ ትርፌ ይህ ነው።

2️⃣ ጠርጣሪው። የማርትሬዛ ብር በአገራችን ሲገበያዩባት የኖሩት፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመባት የኦስትሪያ ገንዘብ ናት። ሰዎች ዝም ብለው አይቀበሏትም ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፤ ከጎደለ ወይም ከደበዘዘ ብሯን ይመልሷታል። እንዲህ ያለውን ሰው «ወላሂ» ብለህ ልታሳምነው አትሞክር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሽያጭ ላይ መሐላ ማብዛት ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋ አስጠንቅቀዋል። ዕቃውን በእጁ ስጠው፤ ይገልብጠው፣ ስፌቱን ይሳበው፣ ከሌላው ጋር ያስተያየው። ጠርጣሪን የሚያረጋጋው ዓይኑና እጁ ነው።

3️⃣ ክብር ወዳዱ። የሲራራ ነጋዴ በመኳንንቱ ግዛት ሲያልፍ እጅ መንሻ ያቀርብ ነበር። አንዳንድ ሰው «ቀንስ» ሲል የቸገረው ብሩ አይደለም፤ መከበሩን ማየት ይፈልጋል። ዋጋውን ከማፍረስ ይልቅ ወንበር ስጠው፣ በማዕረጉ ጥራው፣ በመጨረሻ ትንሽ ነገር መርቅለት። ምርቃት የእጅ መንሻ ታናሽ ወንድም ናት።

4️⃣ ዝምተኛው። ዋጋ አያውቅም፤ መከራከር ያፍራል፣ ወይም አንተን አምኖ ይተዋል። የእኛ አባት እኚህ ናቸው። የነጋዴ ዲን የሚፈተነው በዚህ ሰው ነው፤ ሦስቱ ራሳቸውን ይጠብቃሉ፣ ይህን ሰው ግን ከአላህ ፍራቻ ሌላ የሚጠብቀው የለም።

🔸 ሰው ማንበብ ሲከፋ

ታሪክ ስንጽፍ የሚያምረውን ብቻ መርጠን አንጽፍም። በባሶና በመሰሎቹ ገበያዎች ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብ የተጋዙ ልጆች፣ ወንዶችና ሴቶች ዐባይን ተሻግረው ወደ ሰሜን ተነድተዋል፤ ከነጂዎቹ መካከል የእኛው ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ። ኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ ያገደችው በ1942 (እ.ኤ.አ.) ነው። እነዚያ ነጋዴዎችም ሰው ያነቡ ነበር፤ ገዢው ምን እንደሚፈልግ በዓይኑ ያውቁ ነበር። ብልሃት ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። ወሳኙ ያነበብከውን ለምን እንደምትጠቀምበት ነው።

🔸 ዲናችን ለዝምተኛው ምን አለ?

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በግብይት እየተታለለ የተቸገረ ሶሐባ ነበር። ነቢዩ ንግድ ተው ብለው አላስቀሩትም፤ ሲገበያይ ማታለል እንዳይኖር አስቀድሞ እንዲናገር አስተማሩት። በሌላ ዘገባም ዕቃውን ለመመለስ የሦስት ቀን ምርጫ ተሰጥቶታል። የከተማ ሰዎች ከገጠር ዕቃ ጭነው የሚመጡትን፣ የገበያውን ዋጋ ሳይሰሙ መንገድ ላይ ጠብቀው እንዳይገዙም ከልክለዋል። በርበሬ የጫነውን ገበሬ ከከተማው መግቢያ ላይ የምትጠብቁ ወንድሞች ይህን ልብ በሉ።

የፊቅህ ሊቃውንትም ለአራተኛው ሰው ስም አውጥተውለታል፤ «ሙስተርሲል» ይሉታል። ዋጋ የማያውቅ፣ መከራከር የማይችል፣ ራሱን ለሻጩ እምነት የተወ ማለት ነው። መዝሀቦች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ በሐንበሊ መዝሀብ እንዲህ ያለ ሰው ከልክ በላይ ከተጎዳ ሽያጩን የማፍረስ መብት አለው።

ኢማሙ ገዛሊ በኢሕያእ መጽሐፋቸው የዘገቡት ታሪክ ደግሞ የእኛን ጃኬት ጉዳይ ይመስላል። ዩኑስ ኢብኑ ዑበይድ የበስራ ልብስ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸውን ለወንድማቸው ልጅ ትተው ለሶላት ሄዱ። አንድ የገጠር ዐረብ መጣና የ400 ዲርሃም ልብስ ጠየቀ፤ ልጁ የ200ውን አሳየው። ሰውዬው ወደደው፣ 400 ከፍሎ ሄደ። ዩኑስ መንገድ ላይ ልብሱን አይተው ለዩት፤ በስንት እንደገዛው ጠየቁት፤ ከ200 እንደማይበልጥ ነገሩት። ሰውዬው በአገሩ 500 እንደሚያወጣና ደስ ብሎት እንደገዛ መለሰ። እሳቸው ግን መልሰው ወስደው 200 ዲርሃሙን ሰጡት፤ ልጁንም ገሰጹት።

ልብ በሉ፤ ገዢው አላጉረመረመም። «ውድ ነው» አላለም። ዩኑስ የገዢውን ዝምታና እርካታ ለራሳቸው ማስረጃ አላደረጉትም።

🔸 ለሱቅ ልጆቻችን

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ሰው እያያችሁ ተናገሩ፤ ሰው እያያችሁ አትጥሩ። ለአዋቂው አጭር መልስ፣ ለጠርጣሪው ማስረጃ፣ ለክብር ወዳዱ አክብሮት ስጡ፤ ለዝምተኛው ደግሞ ሳይጠይቅ ንገሩት። ቃሉ፣ ትዕግሥቱና አቀራረቡ እንደ ሰዉ ይለያይ። መነሻ ዋጋው ግን ለኮቱ ለባሽም ለጋቢ ለባሹም አንድ ይሁን። ለተከራካሪው የምትቀንሱት ካለ ያችን ቅናሽ ላልተከራከረውም አስቡለት። ለድሃ፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ ብታወርዱ ቸርነት ነው፤ ባለማወቁ በአንድ ሰው ላይ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው።

«ገበያው እንዲህ ነው፣ ኪራዩ ከብዷል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ኪራዩ በእርግጥ ከብዷል። ግን ኪራዩን ለምን ዝምተኛው ብቻ ይክፈል?

ያ ወጣት ወንድማችን መጨረሻ ላይ 700 ብሩን ሰጠን። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለአባት በእጃቸው አደረስን። ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና መረቁን። ወደ ሱቁ ይመለሱ እንደሆነ ስንጠይቃቸው ግን ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ይህን ስንጽፍ ድረስ አልተመለሱም።

አያቶቻችን ያለ መሬት በዚህ አገር የኖሩት በዚያ አባት ልብ ውስጥ በነበረው እምነት ነው። ያን እምነት በ700 ብር መሸጥ ከባድ ኪሳራ ነው።

አላህ ንግዳችንን ሐላል፣ ትርፋችንን ባለ በረካ ያድርግልን። ያታለልነውን ሳንሞት የምንመልስ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።