ሰባራው ድልድይ ለወይብ ልጆች ምን ይላል?

ሮቤና ጎባ ላደገ ሰው የክረምት ወንዝ ምን እንደሚመስል መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው ወይብ ወርዶ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈለፈለ ወንዝ ነው። ታዲያ ድንጋይ በሚበላ ውሃ ላይ ድልድይ የሚሠራ ሰው ምን ያህል ይጠንቀቅ?

እስኪ በሞዴል እንጀምር። ከሐረና ቀርከሃ ስንጥር ትንሽ ድልድይ ሠራችሁ እንበል። የምትሸከመው 10 ኪሎ ነው። ሴፍቲ ፋክተሯ 3 ይሁን ካላችሁ፣ እስከ 30 ኪሎ ድረስ መሰበር የለባትም። ስንጥር እየደራረቡ ማጠንከር ማንም አያቅተውም፤ ግን ራሷም ትከብዳለች። ቁም ነገሩ ሥራ የሌለውን ስንጥር እያወጡ ማቅለል ነው። ግን ሸክሙ 10 ኪሎ ብቻ መሆኑን ማን ነገራችሁ?

መልሱ ያለው ከባሌ ርቆ፣ ዓባይ ላይ ነው። ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ክፍሉ ፈረሰና ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ክፍተቱን ያልፍ ነበር፤ ያውም ለአሥርት ዓመታት!

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጠገነ። ሕዝቡም እፎይ አለ። በ2005 ግን ጎርፍ መጥቶ ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው።

ልብ በሉ፤ ድልድዩን የጣለው የሰው ክብደት አይደለም። ከጎን የመጣ ውሃ ነው።

በ2009 በቦታው የገመድ ድልድይ ተዘረጋ። ከድንጋዩ ጋር ሲነጻጸር ላባ ነው፤ ግን ከውሃው በላይ ስለተንጠለጠለ ጎርፉ የሚገፋው ነገር አያገኝም። እንዲህ ባሉ የእግረኛ ድልድዮች የብረት ገመዱ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበትን ጉተታ 3 እጥፍ እንዲችል ተደርጎ ይሰላል። ገመዱንም ቀጥ አድርጎ መወጠር ብልህነት አይደለም። የርግበቱን ጥልቀት በግማሽ ብትቀንሱት ጉተታው እጥፍ ይሆናል።

እናም የወይብ ልጆች፣ ያልቆጠራችሁትን ሸክም በ3 ብታባዙት ያው ዜሮ ነው። ካልኩሌተሩን ከማንሳታችሁ በፊት ወንዙ ዳር ያሉትን ሽማግሌ ጠይቁ፦ «አባባ፣ ውሃው በዕድሜዎ እስከየት ደርሶ ያውቃል?»