የደጅ ባልደረባ፦ የአንድ አዲስ ቃል ማብራሪያ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሰጠው ረዳት የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ መውጫ እስካልተበጀለት ድረስ ያነበበውንና የተማረውን መልሶ ከመናገር በቀር በውጭው ዓለም ያለውን ነገር ሊነካ አይችልም፤ የወደቀ የመብራት ምሰሶ አለ ብሎ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት መዝገብ ዘልቆ ማስመዝገብና ቁጥር ተቀብሎ መመለስ የሚሆንለት፣ በእርሱና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ሁለቱም የሚያውቁት የመነጋገሪያ ደንብ ሲኖር ነው። እንዲህ ያለውን ደንብ አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ብሎ ሰይሞ ለማንም ክፍት አድርጎ አወጣው፤ ዓመት ሳይሞላም ተፎካካሪዎቹ ኦፕንኤአይና ጉግል ሳይቀሩ ተቀበሉት። ቀድሞ እያንዳንዱን ረዳት ከእያንዳንዱ አገልግሎት ጋር ለማገናኘት የተለየ ሥራ ያስፈልግ ነበርና፣ ዐሥር ረዳቶችና ዐሥር አገልግሎቶች መቶ መገናኛ ይጠይቁ ነበር፤ ደንቡ አንድ ሲሆን ግን ለየወገኑ ዐሥር ዐሥር ይበቃል።

ፕሮቶኮል የሚለውን ቃል ከቤተ መንግሥትና ከኤምባሲ ወግ ስለምናውቀው እንዳለ ብንተወው ነውር የለበትም፤ እኔ ግን ሥርዐት ማለቱን እመርጣለሁ። ኮንቴክስት ለሚለውም ዐውድ የተባለው የግዕዝ ቃል አስቀድሞ ተለምዷል፤ ዙሪያና አደባባይ ማለት ስለሆነ ዐውደ ምሕረትና ዐውደ ዓመት ከሚሉት ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ ደንቡ በአጠቃላይ ሥርዐተ ዐውድ ቢባል፣ በእኔ አስተያየት፣ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ሌላው ነው፦ በአገልግሎቱ በር ቆሞ የረዳቱን ቃል የሚቀበለው፣ ባለሙያዎች በደፈናው ሰርቨር የሚሉት ፕሮግራም ማን ይባል? አገልጋይ ብንለው ከቤት አሽከር ጋር ይደባለቅብናል፤ እልፍኝ አስከልካይ ብንለው ማስገባቱ ተረስቶ መከልከሉ ብቻ ይታያል።

በቀድሞው ዘመን ከሩቅ የመጣ እንግዳም ሆነ አቤቱታ ያለው ባላገር እንዲያው ተነሥቶ ከንጉሡ ፊት አይቀርብም ነበርና፣ ባልደረባ የሚባል ሰው ይሰጠው ነበር፤ ይህ ሰው የግቢውን ወግ ስለሚያውቅ የባለጉዳዩን ቃል በሚገባው መልክ አቅርቦ፣ መልሱንም ይዞለት ይወጣ ነበር። ዛሬ ባልደረባ ስንል የሥራ ጓደኛን ብቻ ስለምናስብ የቀድሞው ትርጓሜ ተዘንግቷል፤ ደጅ መጥናቱ ግን እንኳን ሊቀር ከቢሮ ወደ ቢሮ ተዛምቷል። ስለዚህ ሰርቨሩን የደጅ ባልደረባ ብለን ብንጠራው፣ ቃሉ ከጥንት ቤቱ ሳይርቅ ለአዲሱ ግብር ይውላል፤ ከሥራ ጓደኛም «ደጅ» የሚለው ይለየዋል።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ የተጻፈለት ዘንገና የሚባል፣ ከእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠረ ሐይቅ አለ፤ በክረምት ነፋስ አንድ ዛፍ በዚያ አካባቢ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ቢወድቅ፣ ያየው ሰው ዛሬ የሚያደርገው ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 መደወል ነው፤ የስልክ መስመር ቢሆን ደግሞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994። በሥርዐተ ዐውድ ግን ሰውየው ለስልኩ ረዳት በተራ አነጋገር ይነግረዋል፤ ረዳቱም የደጅ ባልደረባውን ምን ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድሞ ጠይቆ ዝርዝሩን ተቀብሏልና፣ ብልሽት ማስመዝገብ የሚለውን ግብር ይመርጣል። ግብሩ ስም፣ በሰው ቋንቋ የተጻፈ መግለጫና ሊሞሉ የሚገባቸው ስፍራዎች አሉት፦ የት፣ መቼ፣ ምን ዓይነት፣ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነው ወይስ አይደለም። ረዳቱ የጎደለውን ጠይቆ ከሞላ በኋላ የተናጋሪውን ፈቃድ ተቀብሎ ይልካል፤ ባልደረባውም የመላክ ሥልጣን መኖሩን መርምሮ፣ ደመና ወደምንለው፣ በሩቅ ስፍራ በሚገኙ ኮምፒዩተሮች ላይ ወደተቀመጠው መዝገብ ያስገባና የመዝገቡን ቁጥር ይመልሳል።

ብልሽትን በአንድ ደንብ የማስመዝገቡ ሐሳብ ራሱ ከረዳቶቹ ይቀድማል። የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ 311 የተባለውን ቁጥር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ፊክስማይስትሪት የተባለ አገልግሎት፣ ነዋሪው በካርታ ላይ ያመለከተውን የመንገድ ጉድጓድ ወደሚመለከተው ማዘጋጃ ቤት ይልክ ጀመር፤ ኋላም ኦፕን311 የተባለው የጋራ ደንብ ልዩ ልዩ ከተሞች ጥቆማን በአንድ መልክ እንዲቀበሉ አስቻለ። አዲሱ ነገር ቅጹን የሚሞላው ሰው መሆኑ ቀርቶ የሰውን ንግግር የሚረዳ መሣሪያ መሆኑ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ነገር ግን እንጅባራና ዘንገና በሚገኙበት በአዊ ምድር ሁለት ነገሮች በብርቱ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ቋንቋ ነው፦ የአካባቢው ሕዝብ ብዙው አውንጊ ይናገራል፤ አውንጊ ደግሞ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በኮምፒዩተር ላይ ያለው ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አማርኛን እንኳ እየተንተባተበ የሚሰማ ረዳት አውንጊን እሰማለሁ ብሎ በድፍረት ቢሳሳት፣ የተነገረው ብልሽት ሳይሆን ሌላ ነገር ይመዘገባል። ሁለተኛው የስፍራ አጠራር ነው፤ የገጠር ሰው የመንገድ ቁጥር አያውቅም፣ ቦታን የሚነግረው በደብር፣ በገበያና በወንዝ ስም ነው፤ ረዳቱም «ከዘንገና አለፍ ብሎ» የሚለውን ሲሰማ ከራሱ ግምት አንድ ነጥብ ፈጥሮ በካርታ ላይ ከሚተክል፣ ከእንጅባራ ወገን ነው ወይስ ከቲሊሊ ከተማ ወገን ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። በእነዚህም ላይ የኢንተርኔቱ መረብ ከሌለ ደመናው የለም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ የ905ን ተራ የስልክ መስመር ዝጉልኝ አይልም።

ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያደርሳል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ተነግሯል። ይህን ያህል ኃይል መንደር ውስጥ በወደቀች አንዲት ምሰሶ ምክንያት ወደ ቤት ሳይገባ ይቀራልና፣ የምሰሶዋን ወሬ የሚያደርስ ሥርዐት ከግድቡ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይመስለኝም።

የሚቀረው ለረዳቱ የሚሰጠው ሥልጣን ልክ ነው። መዝገብ ማንበብ፣ መዝገብ መክፈትና መዝገብ መዝጋት ሦስት የተለያዩ ግብሮች ስለሆኑ፣ የደጅ ባልደረባው ሁሉንም በአንድ ላይ እንዲገልጥ አያስፈልግም። ማንበቡን ለሁሉ ይፍቀድ፤ መክፈቱንም ስሙን ላስመዘገበ ሰው ረዳት ይፍቀድ፣ ዐሥር ሰዎች ስለ አንድ ምሰሶ ቢናገሩም ዐሥር መዝገብ እንዳይከፈት ቀድሞ የተከፈተውን ያሳየው። የመዝጋቱ ግብር ግን ምሰሶው ሥር ቆሞ ሽቦውን ለፈተነው የመስመር ሠራተኛ ብቻ ይተው፤ ጥቆማውን ያቀረበውም ሰው መብራቱ ካልመጣለት፣ በያዘው ቁጥር ያንኑ መዝገብ መልሶ ለማስከፈት ይቻለው።