ቋሚ ቀሰም

እንግሊዝኛው «ስፒኒንግ ሪል» ይለዋል። ከማጥመጃው ዘንግ ሥር ተንጠልጥሎ የመንጠቆውን ክር የሚለቅና የሚሰበስብ፣ ባለ ማኖቬላ መሣሪያ ነው። በእኛ ሐይቆች አሳ በአብዛኛው የሚወጣው በመረብ ስለሆነ የአማርኛ ስም ሳይወጣለት ቆይቷል። ለዚህ ዓምድ የመረጥነው ስም «ባለቋሚ ቀሰም ማጠንጠኛ» ነው፤ በአጭሩ «ቋሚ ቀሰም»።

«ማጠንጠኛ» ብዙም አያከራክርም። «ቀሰም» የሸማኔ ቃል ነው፤ በመወርወሪያው ውስጥ ማጉ የሚጠቀለልበት ማለት ነው። ማብራሪያ የሚሻው «ቋሚ» የሚለው ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ ለሚተረጉም ሰው «ተሽከርካሪ ማጠንጠኛ» ማለት ይቀለዋል። ችግሩ ግን ይህን መሣሪያ ከቀደምቶቹ የሚለየው የክሩ መጠቅለያ አለመሽከርከሩ መሆኑ ነው። በቀደሙት ማጠንጠኛዎች መንጠቆው ሲወረወር ቀሰሙም አብሮ ይሾራል። መንጠቆው ፍጥነቱን ቀንሶ ቀሰሙ ግን በያዘው ፍጥነት ከቀጠለ ክሩ እዚያው ይተበተባል፤ መንጠቆው ቀላል ከሆነ ደግሞ ጭራሹኑ ቀሰሙን ማሾር ያቅተዋል። ቋሚው ቀሰም ላይ ክሩ በጫፉ በኩል እየተፈታ ይወጣል። ማኖቬላው ሲዞር ዘዋሪው ክፍል የክር ሰብሳቢውን ሽቦ ይዞ በቀሰሙ ዙሪያ እየሾረ ክሩን መልሶ ይጠቀልላል፤ ቀሰሙም ክሩ አንድ ቦታ እንዳይከመር ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ይላል።

ቃሉን ከሸማኔ ቤት መውሰዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1884 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስኮትላንዳዊው ፒተር ማሎክ ለውርወራ ወደ ጎን የሚዞር ቀሰም ያለው ማጠንጠኛ ሠርቶ ነበር፤ ክሩ ሲሰበሰብ ግን ቀሰሙ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደ ዱሮው ስለሚሾር ክሩ እየተገመደ ያስቸግራል። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ ቀሰሙን አቁሞ ክሩን በዙሪያው የሚጠቀልለውን መሣሪያ በስሙ ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የሱፍ ጨርቅ ከተማ በሆነችው በብራድፎርድ የጨርቅ አምራች ነበር። ሐሳቡን ያገኘው በፋብሪካው ክር ከቆመ ቀሰም ጫፍ እየተሳበ ሲወጣ አይቶ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ሰዓት ሠሪዎች እጅ ገባ። በፈረንሳይ ተራራማ አውራጃ በኦት ሳቮዋ፣ በሰዓት ሥራ በታወቀችው በክሉዝ ከተማ፣ ካርፓኖ ኤ ፖንስ የተባለው ድርጅት «ሚቸል»ን አወጣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ገብቶ «ሚቸል 300» በሚል ስም በየቤቱ የገባው ይኸው ነው። የስዊድኑ «አቡ»ም በ1921 በስቬንግስታ ሲቋቋም የኪስ ሰዓት ፋብሪካ ነበር። ኋላ ወደ ታክሲ ሜትር ዞረ፤ ጦርነቱ የታክሲ ሜትሩን ገበያ ሲዘጋበት ደግሞ ማጠንጠኛ መሥራት ጀመረ። በ1960ዎቹ የወጣው «ካርዲናል» የዚህ ቤት ልጅ ነው። በመልክ ከሆነ እንቁላል ቅርጽ ያለው ጥቁሩ ሚቸል ይበልጣል፤ በአሠራር ጥራት ግን ካርዲናልን የሚያህል አላየሁም።

እነዚህን «ጥንታዊ» ማለት ይበዛባቸዋል፣ «አሮጌ» ማለት ይበድላቸዋል፤ «የዱሮ» ይበቃቸዋል። ተፈትተው እንዲጸዱና እንዲገጠሙ ሆነው ስለተሠሩ ዛሬም ይሠራሉ። ማኖቬላው ከብዶ የሚዞር የዱሮ ማጠንጠኛ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለውም። የጎን ክዳኑን ቪቴዎች ፈትታችሁ ስትከፍቱ ግራሶው ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ደረቀ ሰም በማርሾቹ ጥርስ መካከል ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ያን በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ማንሳት ነው፤ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ። ካቻቢቴው የቪቴውን አፍ ልክ የሚሞላ ካልሆነ ግን ባትጀምሩት ይሻላል፤ የተላጠ የቪቴ አፍ ዋጋውን ከዝገት በላይ ይጥለዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዋናው ማርሽ ከቦታው ሲወጣ ከሥሩ ስስ ሮንዴላ ሊኖር ይችላል። በአሮጌው ግራሶ ከማርሹ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይወጣና በነጭ ጋዙ ሲታጠብ ተላቆ ዕቃው ሥር ይሰምጣል፤ ጋዙ ሲደፋ እሱም ይደፋል። ያለ እሱ የተገጠመ ማጠንጠኛ ይዞራል፣ ግን ጥርሶቹ በልካቸው ስለማይገናኙ ይንኳኳል፣ ቀስ በቀስም ይበላላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ስትፈቱ ፎቶ አንሱ፣ በወጣበት ቅደም ተከተልም በጨርቅ ላይ ደርድሩ። የክር ሰብሳቢውን ሽቦ የሚመልሰው ሞላ ደግሞ ተስፈንጥሮ የመጥፋት አመል አለው፤ እጅን ከነማጠንጠኛው ጥርት ባለ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ መፍታት ብዙ ፍለጋ ያድናል።

ሲገጠም ለማርሾቹ ስስ ግራሶ፣ ክሩ ለሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪና ለማኖቬላው እጀታ ጠብታ ዘይት ይበቃል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የዘይትን ቦታ አይተካም፤ አብዛኛው ቶሎ ይተናል።

አሳው ክሩን በሚበጥስ ኃይል ሲስብ ቀሰሙን አንሸራቶ ክር የሚለቀውን ክፍል ብዙዎች «ፍሬን» ይሉታል። ለመኪና ሰው «ፍሪሲዮን» ቢባል ይቀርባል፤ ተደራርበው የሚፋተጉ ሮንዴላዎች ናቸውና። «ቋሚ» ያልነው ቀሰም የሚዞረውም ያኔ ብቻ ነው፤ ያኔ ማኖቬላውን ማዞር ክሩን ከመግመድ በቀር ፋይዳ የለውም። ሚቸል ላይ መቆጣጠሪያው ከፊት፣ ካርዲናል ላይ ከኋላ ነው። መሣሪያው ሲቀመጥ ይላላ፤ እንደተጠበቀ የከረመ ሮንዴላ ተጨፍልቆ ይቀራል። ያረጁትን የቆዳና የፋይበር ሮንዴላዎች በካርቦን መተካት ነውር የለውም። ቀለም መቀባት ግን ነውር ነው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ቅዳሜ ጠዋት በየግቢው ደጃፍ ከሚዘረጋው የቤት ዕቃ ሽያጭ መካከል እነዚህን ታገኙ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት ማኖቬላውን አዙሩ፣ የክር ሰብሳቢውን ሽቦ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ከዘንጉ ጋር የሚታሰርበትን እግር ገልብጣችሁ እዩ። የስዊድን ካርዲናል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ተመቶበታል፤ 750800 ቢል 75 ዓመቱ፣ 08 ወሩ፣ ማለትም ነሐሴ 1975 ነው።

በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በአርባ ምንጭ ወይም በባሕር ዳር አሳ አጥማጆች ዘንድ ለዚህ መሣሪያ የሚነገር ሌላ ስም የምታውቁ ካላችሁ ላኩልን፤ ከውኃው ዳር የመጣ ቃል ካለ የእኛን እንተወዋለን።