ስክረሎች
በአሜሪካው ማርቭል የኮሚክ መጻሕፍት የሚገኙ፣ መልካቸውን እንዳሻቸው የሚለዋውጡ ምናባዊ የሌላ ዓለም ፍጡራን። ቆዳቸው አረንጓዴ፣ ጆሯቸው ሹል፣ አገጫቸው ሸንተረር የበዛበት ነው። ደራሲው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ያስተዋወቋቸው የጥር 1962 እ.ኤ.አ. እትም በሆነው «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 2 ነው። በዚያ ታሪክ ስክረሎች የመጽሐፉን አራት ጀግኖች መልክ ለብሰው ወንጀል እየፈጸሙ ስማቸውን ያጠፋሉ። የሚያስቀው አጨራረሱ ነው። ከአራቱ ጀግኖች አንዱ የሆነው ሪድ ሪቻርድስ ከኮሚክ መጻሕፍት የተቆረጡ የጭራቅ ሥዕሎችን የምድር ጦር ፎቶግራፍ አስመስሎ ያሳያል፤ የወራሪዎቹ አዛዥም አምኖ፣ መርከቡን አዙሮ ይሸሻል። ምድር ላይ የቀሩት ደግሞ በሂፕኖቲዝም ላም ሆነው፣ ማንነታቸውን ረስተው ሣር ሲግጡ ይታያሉ። ቀልዱ ግን በዚያ አላበቃም፦ በ1983 ጆን በርን በጻፈው ታሪክ የእነዚያን ላሞች ወተት የጠጡ የአንዲት ከተማ ነዋሪዎች መልካቸው ይለዋወጥ ጀመር። «ጎረቤቴ ማን ነው?» የሚለው ጥርጣሬ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ፍርሃት ስለነበር፣ ስክረሎች ከብዙዎቹ የዘመናቸው ጭራቆች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ማግኘታቸው አያስገርምም። ባላንጣዎቻቸው ክሪዎች ብቅ ያሉት በ1967 ሲሆን፣ የሁለቱ ጦርነት በ1971 እና 1972 «አቬንጀርስ» ላይ ተተርኳል።