መናገር የማይችሉ ልጆች በምልክት ሰሌዳ መግባባትን እንዴት ተማሩ?

ሴሬብራል ፓልሲ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት አእምሮ ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል ነው። የአፍና የምላስ ጡንቻዎችን ሲነካ ልጁ ቃል አጥርቶ ማውጣት ያቅተዋል። እጁም የማይታዘዝለት ከሆነ የምልክት ቋንቋ ወይም ጽሑፍ መጠቀም ይከብደዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ልጆች ሁሉን እየሰሙና እየተረዱ ‹‹አይገባቸውም›› ተብለው ይታለፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1971 በካናዳ ቶሮንቶ በሚገኝ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል መምህርት ሸርሊ ማክኖተንና ባልደረቦቿ የገጠማቸው ይኸው ነበር። ልጆቹ ምግብ፣ ውሃ ወይም መጸዳጃ ቤት ሲፈልጉ የሚጠቁሙበት የሥዕል ሰሌዳ ነበራቸው። ‹‹ትናንት ፈርቼ ነበር›› ወይም ‹‹ለምን?›› ለማለት ግን ሥዕሉ አይበቃም፤ ማንበብም ገና አልቻሉም።

ቡድኑ መፍትሔ ሲፈልግ የቻርለስ ብሊስን የምልክት ጽሕፈት አገኘ። በ1897 በኦስትሪያ ሀንጋሪ ግዛት የተወለደው ብሊስ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ወጥቶ ሻንጋይ ተሰደደ። እዚያ የቻይናን ጽሕፈት ተመልክቶ ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦች የሚግባቡበት ጽሕፈት ቀረጸ፤ መጽሐፉንም በ1949 በአውስትራሊያ አሳተመ። ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ይውላል ብሎ አላሰበም ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የልብ ቅርጽ ስሜትን ያመለክታል፤ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ሲጨመርበት ‹‹ደስታ››፣ ወደ ታች ሲሆን ‹‹ሐዘን›› ይሆናል። ልጁ ምልክቶቹን በጣቱ፣ እጁ እምቢ ካለው በዓይኑ እያከታተለ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ከየምልክቱ ጋር ቃሉ ስለሚጻፍ ምልክቱን ያልተማረ ሰውም አንብቦ ይረዳዋል። በዚህ መንገድ የቶሮንቶ ልጆች ከመለመን አልፈው መጠየቅና ስሜታቸውን መናገር ቻሉ።

አንዳንድ ወላጆች ‹‹ሰሌዳ ከለመደ ጭራሽ አይናገርም›› ብለው ይሰጋሉ። እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን ስጋት አይደግፉም፤ እንዲያውም ንግግራቸው የተሻሻለ ልጆች አሉ።

ሰሌዳ ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካርቶንና እስክሪብቶ ይበቃል። ‹‹እፈልጋለሁ›› ብቻ ሳይሆን ‹‹አልፈልግም››፣ ‹‹አመመኝ›› እና ‹‹ምንድን ነው?›› የሚሉትም ይካተቱበት። ልጁ እስኪጠቁም በትዕግሥት ይጠብቁት፤ ሐሳቡን ቀድመው አይጨርሱበት። ‹‹አልፈልግም›› ሲልም ይስሙት።