ጥየቃ፦ ልጆች፣ ክረምትና የእስር ቤታችን ታሪክ

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራን ቀድመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ክረምቱን የት አሳለፋችሁ?» የሚለው ነው። እጆች ይወጣሉ። አንዱ ጎጃም አያቱ ዘንድ ጥጃ ሲያግድ፣ የበቆሎ እሸት ሲጠብስ ከርሟል። አንዷ ደሴ አክስቷ ቤት ከአጎት ልጆች ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ስትጓተት ሰንብታለች። መልሱ ብዙ ይምሰል እንጂ የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ። ከመካከላቸው እጁን የማያወጣ ልጅ አለ። እሱም ክረምቱን ዘመድ ሲጠይቅ ነው የከረመው። የጠየቃት ዘመዱ ግን እናቱ ናት፤ የጠየቃትም ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄዶ ነው።

አማርኛ ለሁለቱ ጉዞዎች ሁለት ቃል አላበጀም። አያት ይጠየቃል፣ ሕመምተኛ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ እስረኛም ይጠየቃል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እስረኛን መጠየቅ የተራበን ከማብላትና የታረዘን ከማልበስ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮታል። ቁርአንም በሱረቱል ኢንሳን ምርኮኛን ማብላት ከየቲምና ከሚስኪን ጋር አያይዞ ያመሰግናል። በሕዝባችን ዘንድ የታሰረን ዘመድ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው፤ ጥፋቱ ቢረጋገጥ እንኳ ነውርነቱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው። ቋንቋችን ያወቀውን ሕጋችንና አሠራራችን ዘግይተው እያወቁት ነው፤ እስር ቤት ደጅ የሚቆም ልጅ ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣ ልጅ ነው፣ እንደዚያም ሊስተናገድ ይገባዋል።

ዘመድ የታሰረበት አምባ

«ወህኒ» የሚለው ቃል ራሱ የቤተሰብ ታሪክ ተሸክሟል። በጎንደር ዘመነ መንግሥት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአፄ ፋሲለደስ ጀምሮ፣ የንጉሡ ወንድ ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ በወህኒ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ከዚያ በፊት ይኸው ሥርዓት በአምባ ግሸን ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት እስኪፈርስ ድረስ። ወንጀል ሠርተው አልነበረም የታሰሩት፤ የዘር ሐረጋቸው ነው ያሳሰራቸው። በአምባው ላይ አግብተዋል፣ ወልደዋል። ከአምባው በታች ያለውን አገር በዓይናቸው እንጂ በእግራቸው ሳያውቁት ያደጉ ልጆች ነበሩ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የመዘገበው አንድ ታሪክ አለ። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1682 እንደነገሡ ወደ ወህኒ አምባ ሄዱ። ዘመዶቻቸውን ሲያዩ በእራፊ ጨርቅ ተጠቅልለው አገኟቸው፤ አለበሷቸው፣ የተቋረጠ መተዳደሪያቸውንም መለሱላቸው። ንጉሥ የእስር ቤት በር ድረስ ሄዶ ዘመድ ጠየቀ ማለት ነው። አምባው አልፈረሰም፣ ሥርዓቱም አልተለወጠም። ቢሆንም አሳሪውና ታሳሪው ዘመዳሞች መሆናቸው ለአንድ ቀን ታሰበ። አምባው ከተተወ በኋላ ስሙ ለእስር ቤቶች ሁሉ ቀረ፤ ወህኒ ቤት።

ስንቅ

ለተራው ሰው እስር ከጥንትም የቤተሰብ ሥራ ነው። በቁራኛ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። የታሰረውን ሰው የሚያበላው ዘመዱ ነው። መንግሥት ቀለብ መስጠት ከጀመረ በኋላም የቤት እንጀራ ከእስረኛ ጓዳ አልጠፋም። «ስንቅ ማቀበል» የሚለው ሐረግ እስካሁን በየቤቱ ሕያው ነው። ማታ የሚቆላው ሽንኩርት፣ ንጋት ላይ የሚታሰረው ምሳ ዕቃ፣ ልጅ ተሸክሞት የሚሄደው ፌስታል ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ አሉ።

በደርግ ዘመን ስንቅ መልእክት ጭምር ሆነ። በቀይ ሽብር ዓመታት በማዕከላዊ ምርመራና በየቀበሌው እስር ቤት ደጅ የሚቆሙ እናቶች ምግቡን ከተቀበሏቸው የታሰረባቸው ሰው በሕይወት እንዳለ ያውቁ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ አታምጡ» ከተባሉ የመርዶው ቃል እሱ ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ የእናታቸውን ቀሚስ ጨብጠው የቆሙ ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ምሳ ዕቃ ሲያዩ ምን እንደሚያስታውሱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዓለም በቃኝ

የአዲስ አበባ ማዕከላዊ እስር ቤት ሁለት ስም ነበረው። አንዱ ከጣሊያንኛ የመጣው «ከርቸሌ» ነው፤ ሌላው ሕዝቡ ያወጣለት «ዓለም በቃኝ»። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጭፍጨፋ በኋላ ጣሊያኖች ሰው አጉረውበታል። በዚያው ወር ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ የተገደሉባቸው ልዕልት ሮማንወርቅ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። አዚናራ በተባለች ደሴት ላይ ሌሎች ኢትዮጵያውያን መኳንንት፣ ሴቶችና ሕፃናትም በግዞት ነበሩ። ልዕልቲቱ በ1933 ዓ.ም. ቶሪኖ ከተማ ውስጥ አረፉ፤ ልጆቻቸውም በባዕድ አገር ያለ እናት ቀሩ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳዎቹ ሹማምንት የተረሸኑት በዓለም በቃኝ ግቢ ነው። የንጉሣዊው ቤተሰብ ሴቶችም በዚያው ግቢ ታሰሩ። ልዕልት ተናኘወርቅ ከሴት ልጆቻቸው ጋር፣ እናትና ልጅ አብረው፣ ከ13 ዓመት በላይ ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ተፈቱ። ልዕልት እጅጋየሁ አስፋ ወሰን ግን በ1969 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ልጆቻቸው አገር ጥለው ተሰደዱ። ቤተ መንግሥት የተወለደም ሆነ ጭቃ ቤት የተወለደ፣ የእስረኛ ልጅ እናቱን የሚያጣበት መንገድ አንድ ነው።

የጎረቤቱ ቻርተር

ከዓለም በቃኝ ጋር ተጎራብቶ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ድርጅቱ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ ልጆች ለክረምት በተበተኑበት ወር፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርን አፀደቀ። አንቀጽ 30 የታሰሩ እናቶችን ልጆች ለብቻ ይመለከታል። ነፍሰ ጡርና የትንንሽ ልጆች እናት ስትፈረድባት በቅድሚያ ከእስር ውጪ ያለ ቅጣት ይታሰብ ይላል። እናት ከልጇ ጋር እንዳትታሰር መንግሥታት እንዲያረጋግጡ፣ የሞት ፍርድም እንዳይፈረድባት ያዛል። የቅጣቱ ግብ እናቲቱን ማነጽና ከቤተሰቧ ጋር መልሶ ማዋሐድ ነው። ኢትዮጵያ ቻርተሩን ያፀደቀችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ዓለም በቃኝ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተዘጋ፤ ኋላም ፈረሰ። ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው በዚያው መሬት ላይ ነው። ስንቅ ያቀብሉ የነበሩት እናቶች መንገድ ግን ወደ ደቡብ ዞረ እንጂ አልተቋረጠም፤ ወደ ቃሊቲ።

ሕጉም እየተለወጠ መጣ። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹና በጓደኞቹ የመጎብኘት መብት ሰጠ። በአዋጅ ቁጥር 365/1995 «ወህኒ» ቀርቶ «ማረሚያ» ሕጋዊ ስም ሆነ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 138/1999 ደግሞ የቅርብ እንክብካቤ የሚያሻው ከ18 ወር በታች የሆነ ሕፃን ከታሰረች እናቱ ጋር እንዲኖር ፈቀደ። ሌሎች አገሮች መስመሩን የሚያሰምሩት በየራሳቸው ቦታ ነው። ኬንያ እስከ 4 ዓመት ትፈቅዳለች፣ ደቡብ አፍሪካ እስከ 2 ዓመት። ቁጥሩ የትም ይሁን የትም፣ ልጅ የእናቱን ጠረን ለይቶ በሚያውቅበት ዕድሜ ከግቢው ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጥየቃ ነው።

አገር ይህን ያየው በታወቁ ሰዎች ነው። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ በኅዳር 1998 ታስረው፣ በእስር ላይ ሳሉ ሰኔ 1998 ወለዱ፤ የተፈቱት ሚያዝያ 1999 ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ከታኅሣሥ 2001 እስከ መስከረም 2003 ቃሊቲ ሳሉ በአብዛኛው እንዲጠይቋቸው የሚፈቀደው ለእናታቸውና ለትንሽ ልጃቸው ነበር። ኋላ የምርጫ ቦርድን የመሩት እኚህ ሴት በዚያ ጊዜ የዓለም ወሬ ሲነገርላቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ግን አንዲት ሕፃን ወደ ቃሊቲ የምትሄድበትን ቀን ትቆጥር ነበር። ስማቸው በጋዜጣ የማይወጣ፣ በስርቆት፣ በዕዳ፣ በጠብ የታሰሩ እናቶች ልጆችም ያንኑ ቀን ይቆጥራሉ።

ነሐሴ፣ ቃሊቲ ደጅ

ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር ቃሊቲ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ከሳሪስ ታክሲ ተጋፍቶ፣ በከባድ መኪና መሐል፣ በጭቃ ነበር የሚኬደው። ነሐሴ ላይ ጭቃው ዛሬም አለ። አያት በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ይዘዋል። የቡሄ ሰሞን ስለሆነ ከእንጀራው በላይ ሙልሙል ዳቦ ተደርቧል። ልጁ ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ካገኘው ውስጥ ትልቁን መርጦ ያስቀረው ነው። መታወቂያ ይታያል፣ ስም ይጻፋል፣ ስልክ ይቀመጣል። ፈታሿ ምሳ ዕቃውን ትከፍታለች። «ይቅመሱ እስቲ፣ እማማ።» አያት ይቆርሳሉ፣ ይቀምሳሉ። ልጁም እጁን ይዘረጋል፤ ለእናቱ የመጣውን ከመቅመስ ማን ይከለክለዋል?

በብዙ ማረሚያ ቤቶቻችን እንደተለመደው ጠያቂ በወዲህ፣ ታራሚ በወዲያ ሆኖ አጥር መሐል ይገባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚናገር ሁሉም ይጮኻል። እናት ልጇን እንዳየች የምትለው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ዞር በል እስቲ፣ ልይህ።» ልጁ ቀስ ብሎ ይዞራል። ቁመቱን፣ የማጅራቱን ፀጉር፣ የሱሪውን ማጠር ታያለች። ባለፈው ወር ካየችው ምን ያህል እንደጨመረ የምትለካው በዚህ ነው። ቤት ቢሆን በእጇ ትለካው ነበር። ለእንቁጣጣሽ የሣለውን አበባና ፀሐይ በሁለት እጁ ወጥሮ ወደ አጥሩ ያሳያታል። «ለእኔ ነው?» ትላለች። ሰዓት ያልቃል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጥየቃው ለጊዜው ታገደ። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ አደረጉ። ያ ውሳኔ አንድ ነገር አሳይቶናል፤ አገር ሲፈልግ፣ ቀላል ጥፋት ያጠፋን ሰው ውጪ ማሰንበት ይችላል።

ልጅ እንደ ጠያቂ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ያፀደቃቸው የባንኮክ ደንቦች ልጅ እናቱን ሲጠይቅ ቦታውም የሠራተኛውም አቀራረብ ልጁን የማያስደነግጥ፣ እናትና ልጅም የሚነካኩበት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። አጥር የሌለው አንድ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ ጥቂት ወንበር ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ዝግ በሆነበት ጊዜ፣ ለልጆች የተለየ ሰዓት ቢመደብ ማንም አይጎዳም። ታራሚ ሲመደብና ሲዛወርም ልጆቹ ያሉበት ቦታ ይታሰብ፤ ከከተማው ርቃ የተላከች እናት ለአንድ አዲስ አበባ ላለ ልጅ የአውቶቡስ ትኬት ዋጋ ናት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዳኛው ቅጣት ሲያሰላ ከእናቲቱ ጀርባ ማን እንዳለ ይይ፤ አንቀጽ 30 የሚለው ይህንኑ ነው። የተበደለ ሰው ፍትሕ ማግኘት አለበት። ልጁ ግን ማንንም አልበደለም።

ለቤተሰብም የምለው አለኝ። «እናትህ አረብ አገር ሄዳለች» ብሎ ልጅን ማሳደግ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም ጥየቃውን ያስቀራል። ልጅ ውሸቱን አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ አፍ ይሰማዋል፤ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ነው እናቱን የሚያጣት። እውነቱን በልኩ ቆርሶ መንገር፣ ከዚያም እጁን ይዞ መሄድ ይሻላል።

አፄ ኢያሱ ወህኒ አምባ ሄደው ዘመዶቻቸውን ሲያለብሱ አምባውን አላፈረሱም፤ በዝምድናው ግን አላፈሩም። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከወህኒ ወደ ማረሚያ ተለውጧል፣ ግቢውም ከከተማው መሐል ወደ ጫፉ ሄዷል። ያልተለወጠው ስንቅ የያዘው እጅ ነው። ለዚያ እጅ የሚገባውን ቦታ ስንሰጠው፣ መስከረም ላይ መምህሩ ሲጠይቁ ያ ልጅም እጁን ያወጣል። መልሱ እንደ ጓደኞቹ አጭርና እውነት ነው፤ «ዘመድ ጥየቃ ነበርኩ።»