አሂናሂና (የማውና ኬያ ሲልቨርሶርድ)

አሂናሂና ሱፍ፣ ኑግና አደይ አበባ በሚመደቡበት የእጽዋት ቤተሰብ ውስጥ የሚገኝ ብርቅ የዱር አበባ ነው። የዝርያው ሳይንሳዊ ስም አርጂሮክሲፊየም ሳንድዊሴንሴ ይባላል። ሁለት ንዑስ ዝርያዎች አሉት፤ አንዱ በማዊ ደሴት በሃሌአካላ ተራራ ሲበቅል፣ የዚህ መጣጥፍ ርእስ የሆነው ሌላው በተፈጥሮ የሚገኘው በሃዋይ ደሴት በማውና ኬያ እሳተ ገሞራ ላይ ብቻ ነው።

ተክሉ አብዛኛውን ዕድሜውን በመሬት ላይ እንደ ኳስ ተሰብስቦ ያሳልፋል። ሾጣጣ ቅጠሎቹን የሸፈነው የብር ቀለም ጸጉር የተራራውን ኃይለኛ ፀሐይ ይመልሳል፤ በውስጣቸው ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ውሃ ያከማቻል። ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ ከመካከሉ ረጅም አገዳ አውጥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ አበቦችን ይሸከማል፤ ዘሩን ከሰጠ በኋላም ይሞታል። የሰሜንን ወይም የባሌን ተራሮች የሚያውቅ አንባቢ ጅብራን ማስታወሱ አይቀርም። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም፤ የቀን ሐሩርና የሌሊት ውርጭ የሚፈራረቁበት ከፍታ ግን ተመሳሳይ ቅርጽና አኗኗር ሰጥቷቸዋል።

የአሂናሂና ጥፋት የመጣው ከበግ ነው። ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር በ1793 እ.ኤ.አ. በጎችን ወደ ሃዋይ ደሴት አመጣ። ሣርና ቅጠል የሚግጥ አጥቢ እንስሳ በማያውቅ ምድር የበቀለው አሂናሂና ሊቋቋማቸው አልቻለም። በ1930ዎቹ በተራራው ላይ 40,000 ያህል የዱር በጎች እንደነበሩ ይገመታል። በ1970ዎቹ የቀሩት ተክሎች በአብዛኛው በጎች በማይደርሱባቸው ገደሎች ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂቶች ነበሩ። በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ ፍርድ ቤት በጎቹና በተራራው የነበሩ የዱር ፍየሎች እንዲወገዱ አዘዘ፤ ክሱ የቀረበው ግን በዚያው ተራራ ለምትኖረው ፓሊላ ለተባለች ወፍ ነበር። ተክሉ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

ችግኝ አፍልቶ መልሶ የመትከሉ ሥራ ሌላ ችግር አስከተለ። በመጀመሪያው ዙር የተተከሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ችግኞች በ1973 እ.ኤ.አ. ያበቡ የሁለት እናት ተክሎች ዘር ነበሩ። አሂናሂና ደግሞ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ የቅርብ ዘመዱም ብዙ ጊዜ አይሆነውም። በዚህ ላይ በአንድ ወቅት የሚያብቡት ጥቂት ናቸው፤ ብናኙን የሚያመላልሱት የአገሬው ንቦችም ቁጥራቸው ቀንሷል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከገደል ላይ ከተረፉት ተክሎች ብናኝ እየወሰዱ የተተከሉትን በእጃቸው ያዳቅሉ ጀመር። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለናል፦ የበጎቹ መወገድ ተክሉን ከመበላት ያድነዋል፤ ራሱን ችሎ ዘር እንዲሰጥ ግን የጥንቶቹ የተለያዩ ዘሮች ተመልሰው በመካከሉ መግባት አለባቸው።